ጀርመንኛን በአማርኛ በኩል፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገን። ከአዲስ አበባ ሳልወጣ፣ አብዛኛውን በስልኬ ተምሬ የጀርመንኛ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ) ፈተና ማለፌን ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ሥራ የለኝም። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አስተማሪ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ ራሴ ሞክሬ ያየሁትን ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከደሴ፦ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ለኮርስ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ከየት ልነሳ?

ከዶቼ ቬለ። የአማርኛ ዜናውን አባትህ ሳይሰሙት አይቀሩም፤ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965 ነው። ይኸው ጣቢያ ጀርመንኛም ያስተምራል፣ ያውም በነፃ። «ኒኮስ ቬግ» የሚለውን ፈልግ፤ «የኒኮ መንገድ» ማለት ነው። ኒኮ ጀርመን እንደገባ ሻንጣው የጠፋበት ስፔናዊ ወጣት ነው። ታሪኩ በአጫጭር ቪዲዮ ተከፋፍሎ ከኤ1፣ ማለትም ከጀማሪ፣ እስከ መካከለኛው ቢ1 ይወስድሃል። መልመጃም አለው። ሌላው አማራጭ የጀርመን የጎልማሶች ትምህርት ማኅበር ያዘጋጀው «ፋው ሃ ኤስ ሌርንፖርታል» ነው። እሱም ነፃ ነው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትጀምር፣ አንዱን ጨርስ።

ደግሞ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ማከማቸቱን ተው። እኔ ስልኬ ሞልቶ ፎቶ ማንሳት እስኪያቅተኝ ሰብስቤ ነበር። ከፍቼ ያነበብኩት ሦስቱን ነው።

ከባሕር ዳር፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሁሉም ሰው «መጀመሪያ እንግሊዝኛሽን አስተካክዪ» ይለኛል። እውነት ነው?

አይደለም እህቴ። እንዲያውም ዛሬ ቁጭ ያልኩት ይህን ለመመለስ ነው ማለት ይቻላል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን የጀርመንኛ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ስመልስ ነበር የኖርኩት። ሁለት ታክሲ ይዞ አንድ ሠፈር እንደ መሄድ ነው። አንድ ቀን እንግሊዝኛውን ዘልዬ ሞከርኩ፣ ነገሩ ቀለለኝ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ጀርመኖች «ቫይል ኢኽ ካፌ ትሪንከ» ይላሉ። ቃል በቃል «ስለ፣ እኔ፣ ቡና፣ እጠጣለሁ» ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ላብ ያሰምጠዋል። እኛስ ምን እንላለን? «ቡና ስለምጠጣ»። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው! «ነገ እንደሚመጣ አውቃለሁ» የሚለውም «ኢኽ ቫይስ፣ ዳስ ኤር ሞርገን ኮምት» ነው። «ኮምት» ማለትም «ይመጣል» የሚለው ቃል የመጨረሻውን ወንበር ይዟል። በአንድ የኦንላይን ክፍል ውስጥ ከብራዚልና ከናይጄሪያ ተማሪዎች ጋር ነበርኩ። እነሱ ግሱን መሃል ላይ እየከተቱ ሲታረሙ፣ እኔ በሆዴ አማርኛውን እያልኩ እመልስ ነበር።

ለማዳመጥም ይጠቅማል። አንድ ሰው «አጎቴ ትናንት ከገበያ በሬውን…» ብሎ ቢያቆም፣ ገዛው ይሁን ሸጠው አታውቂም። ግሱን ትጠብቂያለሽ። ይህን ትዕግሥት ከእናትሽ ጓዳ ጀምሮ ለምደሽዋል። ጀርመን ሲያወራም ያው ነው።

አንቱታም አላቸው። «ዱ» ማለት አንተም አንቺም ነው፤ «ዚ» ደግሞ እርስዎ። ከ«ዚ» ወደ «ዱ» ለመሻገር ብዙ ጊዜ ታላቅየው ነው ፈቃድ የሚሰጠው። ይህን ለአበሻ ማስረዳት ያስፈልጋል?

ድምፅ ላይ አንድ ስጦታ አለን፣ አንድ ፈተና። ስጦታው የእኛ «ጸ» ነው። ጊዜ በጀርመንኛ «ጻይት» ነው፤ የጸን ፍንዳታ ትንሽ አለዝቢው፣ አለቀ። ፈተናው ሁለት ነጥብ የተደረገባቸው አናባቢዎች ናቸው። ለ«ü» ከንፈርሽን ለፉጨት አሞጥሙጠሽ «ኢ» በዪ። ለ«ö» ከንፈርሽን እንደ «ኦ» አድርገሽ «ኤ» በዪ። መስታወት ፊት ስለማመድ እህቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ቅርንፉድ ይዛ መጣች።

አማርኛ የማያድንበትም አለ። በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሱ ሁለተኛ ቦታ ነው የሚቀመጠው። እሱን በልምምድ ብቻ ነው።

ከአዳማ፦ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ሊያሳብደኝ ነው።

ሁላችንንም። ነገሩ የስም ጾታ ነው፦ ዴር ወንድ፣ ዲ ሴት፣ ዳስ ከሁለቱም ያልሆነ። ስሙን ብቻውን እንዳትይዘው፣ ከነጓደኛው ያዘው። ጠረጴዛን «ቲሽ» ሳይሆን «ዴር ቲሽ» ብለህ። በ«ኡንግ»፣ በ«ሃይት» እና በ«ካይት» የሚያልቁ ቃላት «ዲ» ናቸው። በ«ሸን» የሚያልቁት ደግሞ ማሳነሻ ስለሆኑ «ዳስ» ይሆናሉ። ልጃገረድ፣ ማለትም «ሜድሸን»፣ ሴትም ወንድም ያልሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ በእኛም በእነሱም ሴት ናት። ጨረቃ ግን እነሱ ዘንድ ወንድ ነው። ለምን ብለህ አትጠይቅ።

ከዱባይ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቁጭ ብዬ የማጠናበት ጊዜ የለኝም። ጆሮዬ ግን ነፃ ነው።

ጆሮ ካለሽ ብዙ አለሽ። ዶቼ ቬለ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና አለው፤ ከነጽሑፉ ይወጣል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የዕለቱን የአማርኛ ዜና እሰማለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ የሚነበበውን የጀርመንኛ ዜና። ብዙ ጊዜ ትልልቁ ወሬ አንድ ነው፣ ስለዚህ ማን የት ምን እንዳደረገ ቀድሜ አውቃለሁ። ያልያዝኩት ቃላቱን ብቻ ነው። ለጨዋታ ደግሞ «ኢዚ ጀርመን» ፖድካስት አለ፤ መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ የሚጠይቁበት ቪዲዮም አላቸው፣ የጽሑፍ ትርጉም ያለው። ድምፅ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በሌሊት ጥቅል አውርዱት፣ ቀን ስሙት። ዕቃ እያጠብሽም ይሁን ልብስ እየተኮስሽ፣ የሰማሽውን ጮክ ብለሽ ድገሚው።

ከአዲስ አበባ፦ ልጄ ሙኒክ ነው። የልጅ ልጆቼ አማርኛ አይሰሙም። 61 ዓመቴ ነው፣ አይረፍድብኝም?

እትዬ፣ ምን ሲደረግ! እርስዎ ፈተና የለብዎትም፣ ስለዚህ ከሁላችንም ይቀልዎታል። ሊጠይቋቸው ቢሄዱም ለጉብኝት ቪዛ የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም። ከ1971 ጀምሮ የሚተላለፍ አንድ የልጆች ፕሮግራም አለ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ዝሆን። «ዲ ዜንዱንግ ሚት ዴር ማውስ» ይባላል። ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ የዕለቱን ዝርዝር በጀርመንኛ ይናገሩና በሌላ አገር ቋንቋ ይደግሙታል። እሑድ ልጆቹ ያዩትን እርስዎም ይዩ፣ ከዚያ ይደውሉ። «ኦማ፣ አየሽው?» ይሉዎታል። ኦማ አያት ማለት ነው። ያኔ የምትነጋገሩበት ነገር ተገኘ። በዚያው አንዳንድ የአማርኛ ቃል ጣል ያድርጉባቸው።

ከጅማ፦ ትምህርቱ ሲሰለቸኝ የማየው ነገር ጠቁመኝ።

ከካርል ጀምር። «ሰው ለሰው» ድርጅትን የመሠረተውን ካርልሃይንዝ በምን ማለቴ ነው። እኛ የምናውቀው በጉድጓድ ውኃና በትምህርት ቤት ነው። ጀርመኖች ዘንድ ግን መጀመሪያ የታወቀው በፊልም ነው። ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስቱ የ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ወጣቱን የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ተጫውቷል። ፊልሞቹ እስካሁን በገና ሰሞን በቴሌቪዥን ይታያሉ። አነጋገሩ የመድረክ ነው፣ ጥርት ያለ፤ ለተማሪ ይመቻል። ከዚያ በ1981 አንድ ታዋቂ የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀረበና «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራቡት አንድ ማርክ አያዋጣም» ብሎ ተወራረደ፤ ማርክ የያኔው የጀርመን ገንዘብ ነው። አሸነፈ። ማሸነፉ ግን የሚያሳፍር ነበር። የተዋጣውን ይዞ ወደ እኛ አገር መጣ፣ በዚያው ዓመት ድርጅቱን መሠረተ።

ወንጀል ከወደድክ «ታትኦርት» አለ፤ ከ1970 ጀምሮ እሑድ ማታ ጀርመኖችን ሶፋ ላይ የሚያስቀምጥ ተከታታይ። የየከተማው መርማሪ የተለያየ ነው። ብዙ ፕሮግራም ከጀርመን ውጭ እንደሚዘጋ ግን እወቅ፤ ስልክህ አልተበላሸም። ሙዚቃ ለሚወድ፣ በ2017 የተከፈተው የሃምቡርጉ የኮንሰርት አዳራሽ ኤልብፊልሃርሞኒ አንዳንድ ኮንሰርቶቹን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል።

ከመቀሌ፦ አንድ ደላላ ኤ1 ሰርተፊኬት ሳትፈተን አወጣልሃለሁ ይለኛል።

ገንዘብህን ይዘህ ሽሽ። ኤ1 ከ100 ነጥብ 60 ካመጣህ የሚታለፍ ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የጀርመን ባህል ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ይሰጣል። ኤምባሲ ሄደህ በጀርመንኛ «ስምህ ማነው?» ስትባል ደላላው አጠገብህ አይቆምም። ለአውፔር፣ ማለትም ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ልጅ ለመጠበቅ፣ ኤ1 ይበቃል፣ ዕድሜህ ግን ከ27 በታች መሆን አለበት። ለነርስነት በአብዛኛው ቢ2፣ በጀርመንኛ ለሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ደግሞ ሲ1 አካባቢ ይፈለጋል።

ከፍራንክፈርት፦ እዚህ ነው የተወለድኩት። አማርኛ መልመድ ብፈልግም ጓደኞቼ «ቋንቋ አገሩ ሳይኖሩ አይለመድም» ይላሉ። ምን ትላለህ?

እዚያው ከተማህ ውስጥ በ1704 ያረፈ አንድ ሰው ልጥቀስልህ። ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ የኤርፉርት ሰው ነው። በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፣ ግዕዝና አማርኛ ከእሳቸው ተማረ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ጀርመን ወዳለችው ጎታ ሄዱ። ከተለያዩ በኋላም በደብዳቤ ቀጠሉ። የዛሬውን የቴሌግራም መልእክት አስብ፣ በመርከብ ሲላክ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ባሕር ላይ መርከብ ሰጥሞ አለፉ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀን ሳይረግጥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ዲጂታል ቅጂው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ላቲን ስለሆነ ግን አንተም እኔም አናነበውም።

ከሐዋሳ፦ የምናገርበት ሰው የለኝም። አንተ ከማን ጋር ተለማመድክ?

ቋንቋ በቋንቋ በሚለዋወጡበት አፕ ላይ አንዲት ጡረተኛ አገኘሁ። ላይፕሲግ ነው የሚኖሩት። በደርግ ጊዜ፣ ያኔ ምሥራቅ ጀርመን እያለች፣ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ኖረዋል። አማርኛቸው እንዳይጠፋባቸው ይፈልጋሉ። ግማሽ ሰዓት በጀርመንኛ፣ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ ተባባልን።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግን አበላሸሁት። ታኅሣሥ ነበር። «ሃልፕ ድራይ» አሉኝ። «ድራይ» ሦስት ነው፣ «ሃልፕ» ግማሽ። ሦስት ተኩል ብዬ ያዝኩ። ለካ ለእነሱ «ወደ ሦስት ግማሽ» ነው፣ ሁለት ተኩል ማለት። በዚያ ላይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጀርመን ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በሌላው ጊዜ በ1 ሰዓት። በዚያ ላይ የእኛ የ6 ሰዓት ልዩነት። ሴትዮዋ በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲጠብቁኝ፣ እኔ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጸጉሬን አበጥሬ ቁጭ አልኩ። «በዚህ ነገር አዲስ አበባን ናፈቅኩ» ብለው ጻፉልኝ፣ በአማርኛ።

ከሐዋሳ፦ አሁንም ታወራላችሁ?

ማክሰኞ ማክሰኞ። ሰዓቱን አሁን «ፊርጼን ኡር ድራይሲኽ» እያልን ነው የምንይዘው፣ 14 ሰዓት ከ30። ባለፈው ዓመት «ዱ እንባባል» አሉኝ። በጀርመንኛው ግማሽ ሰዓት «ዱ» እላቸዋለሁ። አማርኛው ሲደርስ ግን አፌ እምቢ ይለኛል፣ ወደ «እርስዎ» እመለሳለሁ።