ጥያቄና መልስ፦ ያኮረፈ መራጭ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከአንዱ በቀር ምርጫ ምርጫ ይሸታሉ። ያ አንዱ ስለ ሽሮ ነው፤ ባለቤቱ ይታገሡኝ።

ከሆሳዕና የጻፉልኝ አንባቢ ወንድማቸው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሱቅ አለው። ማንዴላን የመሰለ ሰው ያፈራ ፓርቲ በሠላሳ ዓመቱ ሕዝቡ እንዴት ይከዳዋል ሲሉ በቁጭት ይጠይቃሉ።

«ይከዳዋል» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። ቃል የሚገባው ፓርቲው እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ለማንኛውም ቁጥሩን እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማንዴላ ፓርቲ፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ በ2004 ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ነበረው። በ2019 ወደ 57.5 ወረደ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 40። ብዙ ሰው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዙማ አዲስ ፓርቲ ይዘው ስለመጡ ነው ይላል። እውነት አለበት፤ ሒሳቡ ግን አይሞላም። ፓርቲው በ2019 10 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ በ2024 ያገኘው 6.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። የዙማ ፓርቲ በጠቅላላው ያገኘው 2.3 ሚሊዮን ነው። ያ ሁሉ ከአሮጌው ቤት የወጣ ቢሆን እንኳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መራጭ የገባበት አይታወቅም። የሚበዛው ቤቱ ቀርቶ ይመስለኛል፤ ከተመዘገበው ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ከ66 በመቶ ወደ 59 በመቶ ገደማ ወርዷልና።

ይህ ኩርፊያ ነው። በእኛ ቤት ያኮረፈ ሰው አይሳደብም፣ ዕቃ አይሰብርም። ማዕድ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ገዢ ፓርቲዎች ደግሞ ይህን «ጠግቤያለሁ» እንዳለ ያምናሉ።

ያስኮረፈውን ወንድምዎ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በ2023 መብራት በፈረቃ ሳይጠፋ የዋለበት ቀን ጥቂት ነበር። ባለሱቁ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የፈረቃውን ሰሌዳ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ዶሮ ከቀለጠ የቀኑ ትርፍ አብሮ ቀለጠ። መሥራት ከሚፈልጉት ከሦስቱ አንዱ ሥራ አልነበረውም። በዚህ ላይ በዙማ ዘመን የመንግሥት ድርጅቶች እንዴት እንደተቦጠቦጡ በዳኛ ዞንዶ የተመራው ኮሚሽን ለዓመታት በአደባባይ ሲያሰማ ኖሯል። ከምርጫው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መብራቱ መጥፋቱን አቆመ። መራጩ ግን አልተመለሰም፤ ያኮረፈ ሰው አንድ ቀን ወጡ ስለጣፈጠ ወደ ማዕዱ አይቀርብም።

ለወንድምዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የተከፋ መራጭ በበዛበት አገር ወደ መጤው ሱቅ ጣት የሚቀስር ፖለቲከኛም ይበዛል። በምርጫ ሰሞን ዕቃ አያብዛ።

እኚሁ አንባቢ አክለው ፓርቲው ከሥልጣን ወርዷል ወይ ይላሉ። አልወረደም፤ የፓርቲው መሪ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ዋና ተቀናቃኛቸውን ጨምረው ጥምር መንግሥት መሠረቱ።

ጣት ላይ የሚቀባው የምርጫ ቀለም በምን ይለቃል? በትዕግሥት።

የሕግ ተማሪ ነኝ የሚሉ አንባቢ የቦትስዋናው ገዢ ፓርቲ በ2024 ወደ 30 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ61 ወንበር 4 ብቻ መያዙን አይተው፣ ተሰርቆ ነው ብለው ደምድመዋል።

አልተሰረቀም። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ እኛም አገር እንዲሁ ነው። ሁለተኛ መውጣት ወንበር አያስገኝም። ፓርቲው ከ1966 ጀምሮ 58 ዓመት ሲገዛ ይኸው ሥርዓት ያገለግለው ነበር፤ የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝና ወጣቱ ሥራ ሲያጣ ዞረበት። ፕሬዚዳንት ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ዝርዝሩን አስተማሪዎን ይጠይቁ፤ ለዚያ አይደል የሚከፍሏቸው?

ከአዲስ አበባ አንድ የተቆጡ አንባቢ «የሰው አገር ወሬ ተውና ስለ እኛ ተናገር» ይሉኛል።

እሺ፣ በእኛ አቆጣጠር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ የነበሩ እናት ዱካ ይዘው መጥተው፣ ሰልፉ በተነቃነቀ ቁጥር ዱካቸውን እየገፉ ይቀመጡ ነበር። አንድ ጎረምሳ ማንን እንደሚመርጡ ቢጠይቃቸው «ምስጢር ነው ተብለን የለ?» ብለው ሳቁ። ገዢው ኢሕአዴግ በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች በተቃዋሚው ቅንጅት ተነጠቀ። መራራ ነበር፤ ነገር ግን መራጩ ምን እንደሚያስብ በግልጽ የተነገረው ያን ቀን ነው። ከዚያ ደሙና እስሩ መጣ። በ2002 ድርጅቱ ከአጋሮቹ ጋር ከ547 ወንበር 545 ያዘ፣ በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር ጠቀለለ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008፣ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ፤ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ አቀረቡ።

ከደቡብ አፍሪካ የምንለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ በኢሕአዴግ ዘመን ያኮረፈ ሰው ቤቱ አይቀርም ነበር። አንድ ለአምስት ተደራጅቶ፣ ካርዱን ይዞ ሄዶ ይመርጥ ነበር። መቶ በመቶው «ጠግቤያለሁ» ነበር፤ ሳህኑን የቆጠሩት ሰዎች እውነት መሰላቸው።

አንዲት ልጅ አባቷ በምርጫ ተወዳድረው ከተሸነፉ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለትም ጀምረዋል። የፓርቲ ጓደኞቻቸው ስልክ አያነሱላቸውም። ምን ልበላቸው ትላለች።

ልጄ፣ ይህ የምርጫ ጥያቄ አይደለም። ነገ ጠዋት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ውሰጃቸው። «ነገሩ ያልፋል» የሚል ዘመድ ቢመጣ አትስሚው። ጸበሉም ምክሩም ይቀጥል፣ ሐኪሙን ግን አይተካም። እስከዚያው ሌሊቱን ብቻቸውን አትተዪአቸው። «ብሞት» ያሉትን ቃል ለሐኪሙ ሳታፍሪ፣ እንዳሉት ንገሪው። ጓደኞቻቸውንም አንቺው ደውለሽ ጥሪያቸው፤ መጥተው ዳማ ይጫወቱላቸው፣ ስለ ድምፅ ቆጠራ ግን አያንሱ።