ክንዴ አበጠ፣ ኪኒኑም ሰለቸኝ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 43 ዓመቴ ነው። በጡት ካንሰር ምክንያት ግራ ጡቴና በብብቴ ሥር ያሉት ንፍፊቶች በኦፕራሲዮን ከወጡ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሻለሁ። የመጨረሻውን ጨረር የወሰድኩ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለሁሉም ሰው አልቋል። ለእኔ ግን አላለቀም። ግራ ክንዴ ወደ ማታ ይከብደኛል። ጠዋት ልክ የነበረው ቀለበት ማታ አልወልቅ ይለኛል። ታሞክሲፌን በየቀኑ እውጣለሁ። ሌሊት ከደረቴ የሚነሳ ሙቀት ፊቴን ያነደዋል፣ በላብ ተነክሬ እነቃለሁ። ጎኔን ወጋ ባደረገኝ ቁጥር «ተመለሰ» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ሥራ ቦታ ደግሞ በደንብ የማውቀው ሰው ስም ይጠፋኛል። ኪኒኑን ለትንሽ ጊዜ ባቆመው ምን ይመጣል? ክንዴንስ ምን ላድርገው? ለባለቤቴ ስነግረው «አሁን እኮ ድነሻል» ይለኛል። እየተሞላቀቅኩ ነው እንዴ?
ግራ የገባኝ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሞላቀቅሽም። ኬሞ ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መርፌ ሲገባላቸው ጠብ የሚል እንባ ያልነበራቸው ሴቶች የመጨረሻው ቀን ላይ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዘመድ «የደስታ እንባ ነው» እያለ ያቅፋቸዋል። እኔ እንጃ። ሕክምና ላይ ሳለሽ በየጊዜው ደምሽን የሚያይ፣ «እንዴት ሰነበትሽ» የሚል ሰው አለ። ሲያልቅ የሦስት ወር ቀጠሮ ተሰጥቶሽ ትሸኛለሽ። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይመለሳል። አንቺ ግን ገና ከተጎዳው ሰውነትሽ ጋር መልመድ ይቀርሻል። «ጠንካራ ነሽ» እያሉ አፍሽን የሚያስይዙሽም አይጠፉም።

ከክንድሽ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው።

የብብት ንፍፊቶችን ከክንድ የሚመጣ ፈሳሽ እንደሚያልፍባቸው ቦዮች ቁጠሪያቸው። ሲወጡ ወይም በጨረር ሲጎዱ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ክንድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሞች ሊምፍኢዲማ ይሉታል። በወራት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የብዙ ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ተጠቃሎ ሲታይ፣ የብብት ንፍፊቶቻቸው ተጠርገው ከወጡ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ይህ እብጠት ደርሶባታል። ለምርመራ ጥቂት ንፍፊት ብቻ የወጣላቸው ላይ ግን ወደ 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያንቺ ነገር እንግዳ አይደለም። ሲጀማምረው ከተያዘ ደግሞ በጣም ይቀላል።

መጀመሪያ ቀለበትሽን ዛሬውኑ አውልቂው። ከዚያ ልብስ ሰፊዎች የሚለኩበትን ዓይነት ሜትር ፈልጊ። ክርንሽ ከሚታጠፍበት መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ሜትሩን ቆዳሽ ላይ ሳታጠብቂ ዙሪያውን ለኪ። የእጅሽን አንጓም ጨምሪ። ቀኝ ክንድሽንም እንደዚያው። ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊው፤ የጠዋትና የማታው ስለሚለያይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኪ። በሁለቱ ክንዶች መካከል፣ በተመሳሳይ ቦታ ላይ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካገኘሽ ብዙ ሐኪሞች ሊምፍኢዲማ ነው ብለው ይይዙታል። ከዚያ ቢያንስም መሄድሽ አይቀርም፤ ክብደቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ደብተሩን ይዘሽ ግቢ። «ያበጠ መሰለኝ» ከምትይ ቁጥር ብታሳዪ ቶሎ ትሰሚያለሽ። ሊሆን የማይገባው ነገር ነው፣ ግን ያየሁት ይህንን ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ እብጠቱ ከሌላ ነገር አለመምጣቱን ያጣራል። የደም መርጋትም ክንድ ያሳብጣል። አልፎ አልፎ የካንሰሩ ማገርሸትም እንዲሁ። የምነግርሽ ላስፈራሽ ሳይሆን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እንዳትገምቺ ነው። ሊምፍኢዲማ ከሆነ በልክሽ የሚታዘዝ፣ ጠበቅ ያለ የላስቲክ እጅጌ ቀን ቀን ትለብሻለሽ። ልኩን የሚወስደው የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት። ቤት ውስጥ በራስሽ በፋሻ ጥብቅ አድርገሽ አትጠቅልዪው፤ አንድ ቦታ ላይ ካነቀው ፈሳሹን ጭራሽ ይዘጋዋል። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘሽ ፈሳሹን በእጅ በቀስታ ወደ ሌላ መንገድ የመግፋት ማሳጅ ያሳይሻል። አጥብቆ እንደሚያሸው ተራ ማሳጅ አይምሰልሽ፤ ቆዳን ብቻ የሚነካ ነው።

«በዚያ እጅሽ ምንም አታንሺ» ብለውሽ ይሆናል። ድሮ እኛም እንዲህ እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ሊምፍኢዲማ ያለባቸው ሴቶች በባለሙያ እየታዩ፣ ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት እንዲያነሱ አደረገ። ክንዳቸው አልባሰም። እንዲያውም የሚባባስባቸው ጊዜ ቀነሰ። ስለዚህ እጅሽን አታስሪው። በድንገት ከባድ ነገር ብድግ አታድርጊ እንጂ ተንቀሳቀሺ።

ቆዳሽን ደግሞ እንደ ዓይንሽ ጠብቂው። በዚያ እጅሽ የምትሠሪው ሥራ የሚቆርጥ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ ጓንት አድርጊ። ከተቧጨርሽ ወዲያው ታጠቢ። ክንድሽ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። ኢንፌክሽን ነው፣ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፣ ካደረም እብጠቱን ያባብሰዋል። ደም ግፊት ሲለኩሽና ደም ሲቀዱሽ ቀኝ እጅሽን ስጪ። አጣዳፊ ነገር ገጥሞ በግራው ቢወስዱሽ ግን አትደንግጪ፤ አንድ መርፌ ይህን ያመጣል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ወደ ኪኒኑ እንምጣ። በራስሽ አታቁሚው። የታዘዘልሽ ካንሰርሽ ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ነው። ታሞክሲፌን የኢስትሮጅኑን መቀበያ ቀድሞ ይይዝበታል። ለአምስት ዓመት የወሰዱት ሴቶች ላይ ካንሰሩ የማገርሸት ዕድሉ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ እስከ አሥር ዓመት መቀጠል ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። በየመሀሉ እየዘለልሽ የምትወስጂው ኪኒን ይህንን አይሰጥሽም።

ቻዪው ማለቴ ግን አይደለም። «እሱማ የኪኒኑ ጠባይ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ተብሎ መሸኘት ያናድደኛል። ለሙቀቱ መድኃኒት አለ። ቬንላፋክሲን እና ጋባፔንቲን የተባሉት፣ ሆርሞን የሌለባቸው፣ ብዙ ሴቶችን ረድተዋል። ቬንላፋክሲን የድብርት መድኃኒት ተብሎ ስለሚታወቅ ማሸጊያው ላይ ስታነቢ አትገረሚ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ፓሮክሴቲን እና ፍሉኦክሴቲን የሚባሉት ሌሎች የድብርት መድኃኒቶች ጉበት ታሞክሲፌንን ወደሚሠራው መልኩ እንዳይቀይረው ያደናቅፋሉ። ማንኛውም ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲጽፍልሽ «ታሞክሲፌን ላይ ነኝ» በይው። ሆርሞን ያለበት ነገር ደግሞ፣ ለማረጥም ይሁን ለወሊድ መከላከያ፣ የካንሰር ሐኪምሽ ሳያውቅ እንዳትጀምሪ። ሌሊት ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሁለት ስስ ይሻልሻል፤ አንዱን ገፈፍ አድርገሽ መልሰሽ ትተኛለሽ።

ስለ ወሊድ ካነሳሁ አይቀር፣ በ43 ዓመት የወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም። ታሞክሲፌን ፅንስ ይጎዳል። ኮንዶም ወይም ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ተጠቀሙ። ያልተለመደ ደም ከማህፀንሽ ከመጣ፣ አንድ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረሽ ቶሎ ታዪ። እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ አይደሉም፣ ግን ከኪኒኑ ጋር የሚታወቁ ናቸው።

ስም መጥፋቱ ብዙዎች ከኬሞ በኋላ የሚነግሩኝ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣቱም ያባብሰዋል። ሙቀቱ ሲታከም እሱም ሊሻሻል ይችላል። እስከዚያው ጻፊ፣ አትፈሪ።

ፍርሃትሽን ግን በአንድ አረፍተ ነገር አልዘልለውም። ጎን ሁሉንም ሰው ይወጋዋል፤ አንቺን ሲወጋሽ ግን ታሪክ አለሽ። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፦ ያመመሽን ቦታና ቀኑን ጻፊ። የሚመጣና የሚሄድ፣ ቦታ የሚቀይር ሕመም ከሆነ ጠብቂ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ከቆየ ወይም እየባሰ ከሄደ ደውዪ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ ጠባሳው ላይ ወይም ብብትሽ ውስጥ አዲስ እብጠት ካለ ሁለት ሳምንቱንም አትጠብቂ። በቀረው ጡትሽ ላይ በየዓመቱ ማሞግራም አይለፍሽ። «ሙሉ ሰውነቴን በየስድስት ወሩ ሲቲ ስካን ላስነሳ» የሚሉ አሉ። ምልክት ለሌላት ሴት ይህ ዕድሜ እንደማያረዝም ታይቷል። ትርፉ የውጤት ጭንቀት ነው።

ባለቤትሽ «ድነሻል» የሚለው የሚያውቀው ማጽናኛ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽው ግቢ። ከሐኪሙ አፍ ሲሰማው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ ጡቷ ከወጣ በኋላ መብራት ካልጠፋ ልብሷን አታወልቅም። ጠባሳውን አንድ ቀን አሳይታኝ አታውቅም። «ለእኔ ምንም አይደለም» ስላት ታለቅሳለች። ልቀርባት ስል ደግሞ የማሳምማት ይመስለኛል። ምን ልበላት?
አንድ ባል

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ምንም አይደለም» የሚለውን ተወው። ለአንተ ፍቅር ነው፣ ለእሷ ግን ከሰውነቷ የሄደውን ነገር ከቁብ ያልቆጠርከው ይመስላታል። «ከፍቶሻል አይደል? ስታሳዪኝ ደስ ባለሽ ጊዜ አያለሁ፤ ባታሳዪኝም እዚሁ ነኝ» በላት። ከዚያ ዝም በል። መብራቱን ለማብራት አትታገላት።

የምታሳምማት መሰለህ፤ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ኦፕራሲዮኑ ነርቭ ስለሚነካ ደረቷና የክንዷ ውስጠኛ ክፍል አንዱ ቦታ ደንዝዞ፣ ሌላው ልብስ ሲነካው የሚጠዘጥዝ ሊሆን ይችላል። በግምት አትንካ። እጅህን ይዛ እሷ ትምራህ። «እዚህ አይሰማኝም፣ እዚህ ያመኛል» ብላ ካሳየችህ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ሌላው ማንም የማያነሳው ነገር ድርቀት ነው። ኬሞውም የሆርሞን መድኃኒቱም የማረጥ ዓይነት ለውጥ ያመጣሉ። ብልት ውስጡ ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማል። እሷ ስትሸሽህ ጠላችኝ ብለህ እንዳትተረጉመው። ሆርሞን የሌለበት ማለስለሻ ፋርማሲ ውስጥ ይገኛል። በግንኙነት ጊዜ የሚቀባ አለ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚደረግ ማርጠቢያም አለ። በኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ዘይት ያለበትን አትግዛ፤ ላስቲኩን ይበጥሰዋል።

ሰው ሠራሽ ጡት ከጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውም አለ። መጀመሪያ ቀላሉን የስፖንጅ፣ ቁስሉ በደንብ ሲድን ደግሞ ክብደት ያለውን የሲሊኮን ትለብሳለች። ክብደቱ ትከሻዋ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል ይረዳል። ጡት መልሶ የመሥራት ኦፕራሲዮንም ከዓመታት በኋላ ጭምር ይቻላል። ምንም ሳታደርግ መኖርም መብቷ ነው። አንተ ካታሎግ ይዘህ አትግባ። መኖሩን ንገራትና ምርጫውን ለእሷ ተውላት። ቀጠሮ አብረሃት ስትገባም የድርቀቱን ነገር ሐኪሙ ፊት አንተ ቀድመህ አታንሳው። ከመግባታችሁ በፊት «እኔ ልበል ወይስ አንቺ ትያለሽ?» ብለህ ጠይቃት።