ጥያቄና መልስ፦ ኩፐርስታውን የረሳቸው እነማን ናቸው?

በቃሌ መሠረት ዛሬ ስለ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ኩፐርስታውን፣ ኒው ዮርክ ወዳለው አዳራሽ ተጫዋች የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ማኅበር የሚሰጠው ድምፅ፣ ሌላው 16 አባላት ያሉት ኮሚቴ። በሁለቱም በኩል ለማለፍ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። እባካችሁ አታምታቷቸው። ሁለተኛ፣ ስትጠይቁ የተጫዋች ስም ጥቀሱ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ባሪ ቦንድስ መግባት አለበት ወይስ የለበትም? በአጭሩ ይንገሩን።

መልስ፦ አለበት። 762 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሻግር ምት) የመታ፣ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው። ጋዜጠኞቹ በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ2022፣ 66 በመቶ ሰጡት፤ ኮሚቴውም ሁለት ጊዜ መለሰው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሊጉ የአበረታች መድኃኒት ምርመራና ቅጣት ደንብ ካወጣ በኋላ ተይዞ የተቀጣ ተጫዋችና ከዚያ በፊት በጥርጣሬ የሚነሣ ተጫዋች እኩል አይታዩም። ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ከሲያትል፦ ለኢቺሮ ሱዙኪ ድምፁን የነፈገው ጋዜጠኛ ማን ነው?

መልስ፦ አልታወቀም። በ2025 ከ394 ድምፅ 393 አገኘ። ዴሬክ ጂተርም በ2020 አንድ ድምፅ ጎድሎታል። ሙሉ ድምፅ ያገኘው ማሪያኖ ሪቬራ ብቻ ነው፣ በ2019፣ ከ425 ድምፅ 425። አዳራሹ ውስጥ በሚሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ የድምፅ ብዛት አይጻፍም፤ እባካችሁ ወደ ቁም ነገሩ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ፦ ጨዋታውን መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ነው። አንድ ተጫዋች በጋዜጠኞቹ ዘንድ የሚወድቀው እንዴት ነው? አንዴ ከወደቀስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ ነው። ተጫዋቹ ቢያንስ አሥር የውድድር ዘመን ተጫውቶ፣ ካቆመ አምስት ዓመት ሲሞላው ስሙ ይቀርባል። እያንዳንዱ ጋዜጠኛ ከአሥር ስም በላይ መምረጥ አይችልም። 75 በመቶ ያልሞላለት እስከ አሥር ዓመት ድረስ በየዓመቱ ሊቀርብ ይችላል፤ ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ግን ወዲያውኑ ይሰረዛል። የአዳራሹ ትልቁ በደል የተፈጸመው በዚህ የ5 በመቶ ደንብ ነው እንጂ ሌት ተቀን በምትከራከሩበት አበረታች መድኃኒት አይደለም። ቦንድስ አሥር ዓመት ሙሉ ተሟጋች አላጣም። ጉዳያቸው አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ሳይታይ የተሰረዙትስ?

ሉ ዊታከርን ውሰጂ። ከ1977 እስከ 1995 ለዲትሮይት ታይገርስ ብቻ የተጫወተ የሁለተኛ ቤዝ ተከላካይ ነው፤ ቤዝ ሯጩ የሚያርፍበት የሜዳው ማዕዘን ነው። 2,369 የተሳካ ምት፣ 244 ሆም ረን፣ በ1978 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ ሦስት ጊዜ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት)፣ በ1984 ከቡድኑ ጋር የዓለም ተከታታይ ዋንጫ። በጎኑ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚሰለፈው ተከላካይ (ሾርትስቶፕ) አለን ትራመል ነበር፤ ሁለቱም በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት በአንድ ቀን፣ በሴፕቴምበር 1977፣ ቦስተን ላይ ነው።

አብረው ሲሠሩ ያላየ ሰው ስለ ዊታከር ባይፈርድ እመርጣለሁ። ኳስ መሬት ለመሬት እየነጠረች ስትመጣ ትራመል ጎንበስ ብሎ ይለቅማትና ቀና ሳይል ወደ ሁለተኛ ቤዝ ይሰዳታል። ዊታከር በሩጫ ደርሶ ይቀበላል፤ ቤዙን በእግሩ ነካ ያደርጋል፤ እግሩን ሊጠልፍ እየተንሸራተተ የሚመጣውን ሯጭ ይዘለዋል፤ ገና መሬት ሳይረግጥም ኳሷን ወደ አንደኛ ቤዝ ይልካታል። በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ወጣ። ይህን ለ19 የውድድር ዘመን አብረው አድርገውታል።

ትራመል በጋዜጠኞቹ ዝርዝር ላይ 15 ዓመት ቆየ፤ በዚያን ጊዜ ገደቡ 15 ነበር። በኋላም ኮሚቴው መርጦት በ2018 ገባ፤ በዚያው ዕለት ባደረገው ንግግርም ዊታከር አንድ ቀን እዚህ እንደሚቆም ተስፋ አለኝ ብሏል። ዊታከር ግን በ2001 ከ515 ድምፅ 15 ብቻ አገኘ። 2.9 በመቶ። በአንድ ዓመት ተሰረዘ።

ኬኒ ሎፍተንንም ያየ ሰው ደንቡን አይወድም። 622 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል፤ ከ1992 እስከ 1996 በተከታታይ አምስት ዓመት በአሜሪካን ሊግ በቤዝ ስርቆት የሚቀድመው አልነበረም። ስሙ በ2013 ሲቀርብ አብረውት የቀረቡት ቦንድስ፣ ክሌመንስ፣ ፒያዛ፣ ቢጂዮና ሶሳ ነበሩ። ጋዜጠኛው ያለው አሥር ቦታ ነው፤ ግማሹ ሰው ስለ መድኃኒቱ ይሟገታል። ሎፍተን 3.2 በመቶ አግኝቶ ወጣ። በዚያ ዓመት ጋዜጠኞቹ ማንንም ሳይመርጡ ቀሩ!

ከቺካጎ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ዊታከር ጥሩ ተጫዋች ነበር እንጂ ታላቅ አልነበረም። አንድም ጊዜ የሊጉ ምርጥ አልተባለም። የእኛው ራይን ሳንድበርግ ግን በ1984 ተብሏል።

መልስ፦ መቃወምህ ደግ፣ ግን ቁጥር ይዘህ ና። ሳንድበርግ 2,386 ምት አለው፣ ዊታከር 2,369። ዋር የሚባለውን መለኪያ ታውቃለህ፤ በተጫዋቹ ቦታ ተራ ተተኪ ቢሰለፍ ቡድኑ ስንት ድል ያጣ እንደነበር የሚገምት ነው። በሰፊው በሚጠቀሰው ስሌት ሳንድበርግ 68 አካባቢ፣ ዊታከር 75 አካባቢ ነው። ሳንድበርግ ይገባዋል፤ በ2005 መግባቱም ትክክል ነው። በምን ሂሳብ ነው አንዱ ከ75 በመቶ በላይ፣ ሌላው ከ3 በመቶ በታች የሚያገኘው? ዊታከር በአንድ ዓመት ጎልቶ የወጣ አይደለም፤ ዓመት ከዓመት አይጎድልም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መራጭ ይረሳዋል። ቁጥሩን ተቀምጦ የሚያነብ ግን አይረሳውም።

ከዲትሮይት፦ የቺካጎው ወንድማችን፣ የከተማው ተጫዋች የነበረው ሃሮልድ ቤይንስ ወደ አዳራሹ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ስለ ታላቅነት ያስተምረናል!

ከቺካጎ፦ ቤይንስ 2,866 ምት አለው። ከዊታከር ይበልጣል።

ከዲትሮይት፦ በአብዛኛው ጓንት ሳያጠልቅ፣ መቺ ብቻ ሆኖ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ቤይንስን ጋዜጠኞቹ ከ6.1 በመቶ በላይ ሰጥተውት አያውቁም፤ በ2018 መጨረሻ ያስገባው ኮሚቴው ነው። ዋሩ 39 አካባቢ ነው። በሮቹን አታምታቱ የምለው ለዚህ ነው፤ በአንዱ በር የተመለሰ በሌላው ሊገባ ይችላል። ቤይንስን ከአዳራሹ አውጡልኝ አልልም። ለእሱ የተከፈተው በር ለዊታከር ተዘግቶ መቆየቱን ግን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ከኦክላንድ፦ ስለ ቦንድስ ካነሣን አይቀር ዴቪድ ኦርቲዝ በ2022 በመጀመሪያ ዓመቱ የገባው በምን ፍትሕ ነው? በ2003ቱ ምስጢራዊ የመድኃኒት ምርመራ ስሙ እንደነበረበት ጋዜጣ ጽፏል።

ከቦስተን፦ ጋዜጣ ጻፈ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። ቅጣት ያለበት ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ኦርቲዝ አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዘም።

ከኦክላንድ፦ ቦንድስስ በዚያ ምርመራ መቼ ተቀጣ? አንዱ ፈገግታ ስላለው፣ ሌላው ከጋዜጠኛ ጋር ስለማይስማማ ነው።

ከቦስተን፦ ሦስት ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው እኮ።

መልስ፦ የሊጉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ የ2003ቱ ውጤት በርግጠኝነት የማይታመንበት ክፍል እንዳለው በ2016 ተናግሯል። ስለዚህ ለኦርቲዝ የሚሠራው ጥርጣሬ ለሌላውም ይሥራ። የኦክላንዱ ወንድሜ ስለ ፈገግታ ያለው እውነትነት አለው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትሠራለች። ቦታው ድሮ የቤዝቦል ሜዳ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግሪፊዝ ስታዲየም ይባል ነበር፤ በ1965 ፈረሰ። በዘጠነኛ ጎዳና ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ተነሥታችሁ በእግር ብትሄዱ ብዙም ሳይቆይ ትደርሳላችሁ። በ1936 ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ የሆነው ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን ሜዳው ያ ነበር። እኔ ግን ቦታውን የማስበው በጆሽ ጊብሰን ነው። ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱበት ሊግ የነበረው ቡድኑ ሆምስቴድ ግሬይስ በ1940ዎቹ ዋሽንግተንን ሁለተኛ ቤቱ አድርጎ ይጫወት ነበር። የዚያ ሜዳ የግራ አጥር ከመቺው 120 ሜትር ያህል ይርቃል። ቀኝ እጅ መቺ ሁሉ ተስፋ የሚቆርጥበት ርቀት ነው፤ ጊብሰን ግን ኳሱን ያሻግረው ነበር።

የሞተው በጃንዋሪ 1947፣ በ35 ዓመቱ ነው። ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን በነጮቹ ሊግ የተሰለፈው በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ ነው። ሦስት ወር! አዳራሹም ለጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾች ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበር። በ1966 ቴድ ዊሊያምስ ራሱ ሲገባ ባደረገው ንግግር የሳቼል ፔጅንና የጊብሰንን ስም ጠርቶ ቦታቸው እዚህ ነው ባይል ኖሮ ስንት ዓመት ይቆይ እንደነበር እንጃ። ፔጅ በ1971፣ ጊብሰን በ1972 ገቡ። በ2024 የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲዋሐዱ የጊብሰን የመምታት አማካይ (ከመምታት ሙከራው የተሳካለት ድርሻ) .372 ሆኖ የታይ ኮብን .367 በለጠ።

የጥቁሮች ሊግ ተጫዋችና አሠልጣኝ የነበረው ባክ ኦኒል ደግሞ አለ። በ2006 ልዩ ኮሚቴ 17 ሰዎችን ከጥቁሮች ቤዝቦል መርጦ አስገባ፤ ከእነርሱም አንዷ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ኤፋ ማንሊ ናት። ያንን ታሪክ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ሲተርክ የኖረው ኦኒል ግን ቀረ። እሱ ኩፐርስታውን ድረስ ሄዶ በሌሉት በ17ቱ ስም ተናገረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በ94 ዓመቱ አረፈ። የተመረጠው በ2021 ነው። ሰው በቁሙ ሳለ ይከበር ብዬ የምጮኸው ለዚህ ነው።

ከአትላንታ፦ ፒት ሮዝስ?

መልስ፦ 4,256 ምት፣ ከማንም በላይ። በ1989 በውርርድ ታገደ፤ በ2024 ሞተ፤ በ2025 ኮሚሽነሩ የዕድሜ ልክ እገዳ በሞት ያበቃል ብሎ ስለወሰነ እሱም ከእሱ በፊት የታገደው ሹለስ ጆ ጃክሰንም ለዕጩነት መቅረብ ተፈቀደላቸው። ጉዳያቸውን የሚያየው የጥንት ዘመን ተጫዋቾችን የሚመለከተው ኮሚቴ በዲሴምበር 2027 ነው እንጂ ጋዜጠኞቹ አይደሉም። በሮቹን አታምታቱ! እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ለሮዝ አልሰጥም። የውርርድ ክልከላው በየቡድኑ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ እሱ ግን ራሱ በሚያሠለጥነው ቡድን ጨዋታ ላይ ተወራርዷል፤ በ2004 በገዛ አንደበቱ አምኗል።

ከሂውስተን፦ ከሁሉም የሚበልጠው ተጫዋች ማን ነው?

መልስ፦ ስለ ማን ነው የምትጠይቀው? በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ቦታ? መግቢያውን አንብብ።

ከዴንቨር፦ ቦንድስ ለምን አልገባም?

መልስ፦ ልጄ፣ ከላይ ተመልሷል። ያልተነገረውን ብቻ ልጨምር፦ በዲሴምበር 2025 ኮሚቴው ጄፍ ኬንትን መርጦ ለቦንድስና ለክሌመንስ ከአምስት ድምፅ በታች ሰጠ። በአዲሱ ደንብ ከአምስት በታች ያገኘ ቀጣዩ ዙር፣ የ2028ቱ፣ ያልፈዋል። ስለዚህ ከ2031 በፊት አይቀርቡም፤ ያኔም ካነሰ ለዘለቄታው ይዘጋል። ስለ ቦንድስ ሌላ ጥያቄ አልቀበልም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ከርት ፍለድ ይገባዋል ይላሉ?

መልስ፦ ይገባዋል። ሰባት ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸልሟል፤ ዋናው ነገር ግን በ1969 መጨረሻ ወደ ፊላዴልፊያ በልውውጥ ሲላክ እንደ ዕቃ አልሸጥም ማለቱ ነው። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1972 ተረታ፤ የጨዋታ ዘመኑም ከዚያ በፊት፣ በ1971፣ አብቅቶ ነበር። ዛሬ ተጫዋች ቡድኑን የሚመርጠውና ሚሊዮን የሚቆጥረው እሱ በጀመረው መንገድ ነው። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው ማርቪን ሚለር ገብቷል፤ ዋጋ የከፈለው ፍለድ ግን እስካሁን አልገባም።

ከዲትሮይት፦ ለዊታከር ቀጣዩ ዕድል መቼ ነው? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ በዲሴምበር 2028። በ2019 ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ከ16 ድምፅ 6 አገኘ፤ የሚያስፈልገው 12 ነው። በ2025 ደግሞ ከስምንቱ ዕጩዎች መካከል እንኳ አልነበረም። ዕጩዎቹን የሚለይ ሌላ ቡድን ነው፤ በውስጡም አንጋፋ ጋዜጠኞች አሉ። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ከሦስት ስም በላይ መምረጥ ስለማይችል ድምፁ ይበተናል። በ2028 መጨረሻ ዊታከር 71 ዓመቱ ይሆናል። ዲክ አለን በአንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ቀርቶ የተመረጠው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዴቭ ፓርከር ደግሞ ተመርጦ፣ በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው በጁን 2025 አረፈ። ስለዚህ መጻፍ የምትችሉ የዊታከርን ቁጥር ከሳንድበርግና ከቤይንስ ጎን አስቀምጣችሁ በየከተማችሁ ላሉ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ከአሁኑ ላኩ፤ በ2028 ከስምንቱ ካልተካተተ እስከ 2031 ይጠብቃል።