የሰፈር ቅጠልና የጓዳ ትራፊ ወደ ብስባሽ፦ ጥያቄና መልስ ለጎንደሬዎች

መምህር፦ በጋራ ብስባሽ ማዘጋጀት ለምትፈልጉ ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ፌስታል ሳትለዩ አትጀምሩ።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ ግቢያችን ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ቅጠሉ ይሆናል?

መምህር፦ ይሆናል፣ ብቻውን ግን አይሆንም። ዘይትና ታኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለበት ቶሎ አይበሰብስም። ሰባብሩት፣ ውኃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያም ከብሳና፣ ከዋንዛና ከግራዋ ቅጠል ጋር ቀላቅሉት፤ እነዚህ ይብለጡ። በየንብብሩ መካከል እበት ጨምሩ። ደረቅ ቅጠል በካርቦን፣ እበትና የአትክልት ልጣጭ በናይትሮጅን ይበልጣሉ፤ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲገኝ (የንጥረ ነገሩ ነው፣ የቅርጫት ቁጥር አይደለም) ክምሩ በደንብ ይግላል። ወርዱም ቁመቱም ከ1 ሜትር አይነስ፣ አለዚያ ሙቀት አይዝም። መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። ቴርሞሜትር የለንም አትበሉኝ! ረጅም እንጨት መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ አቆዩና አውጡት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው። ከደረቀ ውኃ፣ ከሸተተ ማገላበጥ።

ከማራኪ፦ ጉድጓድ ይሻላል ወይስ ክምር?

መምህር፦ በክረምት ክምር፣ በበጋ ጉድጓድ።

ከአራዳ፦ እኛ በክረምትም በጉድጓድ እናበሰብሳለን፤ ምንም አልሆነ።

ከማራኪ፦ የእናንተ ተዳፋት ነው። የእኛ ዋልካ ነው፣ ውኃ ይተኛበታል።

ከአራዳ፦ ቦይ ያልቀደደ ሰው መሬቱን አይውቀስ!

መምህር፦ ዋልካ ከሆነ ክምር፤ ጨርሰናል። አየር ያጣ ብስባሽ ይሸታል፣ ጎረቤትም ያጣላል።

ከሳሙና በር፦ የጠላና የቡና አተላስ?

መምህር፦ ይግባ፣ በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ግን ውሻና ጅብ ይጠራል።

ከፒያሳ፦ የጫት ገረባስ?

መምህር፦ እንጨቱን ቆራርጡት። ፌስታሉን አውጡ።

ከአዘዞ፦ ቅጠሉን ማቃጠል አይቀልም? አመዱም ለጓሮ ይጠቅማል።

መምህር፦ አመዱ ፖታሽ ይተዋል፣ እውነት ነው። ናይትሮጅኑና ካርቦኑ ግን በጢስ ይሄዳል፤ ጢሱንም የምትስቡት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ስለ እግዚአብሔር አታቃጥሉ! በበጋ የረገፈውን በጆንያ አጠራቅሙ፤ ክረምት ላይ የጓዳው እርጥብ ትራፊ ሲበዛ ደረቅ ቅጠል ፈልጋችሁ አታገኙም። እድሩ ቦታ ከሰጠ፣ እያንዳንዱ ቤት በተራ ያገላብጥ።

ከፒያሳ፦ ብስባሽ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

መምህር፦ ከላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ከማራኪ፦ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ይቀንስልናል?

መምህር፦ ቀበሌ ጠይቁ።

ከሳሙና በር፦ መድረሱን በምን እናውቃለን?

መምህር፦ ከ3 እስከ 4 ወር ስጡት። ጠቁሮ ሲፈረፈር፣ ሽታውም እንደ ዝናብ ያገኘው አፈር ሲሆን ደርሷል። ትኩሱን ለችግኝ አትስጡ፣ ሥሩን ይጎዳል።

ከአራዳ፦ ቅጠሉን በፌስታል ቋጥረን ብናቆየውስ?

መምህር፦ ጆንያ ብያለሁ።