ትልቁ ጥይት ይሻላል ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ጎረምሳ 577 ታይራኖሶር የሚባለውን ጥይት ይተኩስና ጠመንጃው ከእጁ ያመልጣል። «ጋሼ፣ ለአደን ከዚህ የሚሻል አለ?» አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ ወደ ሌላ ቪዲዮ ዞረ። የዛሬ ልጆች መጠየቅ ትወዳላችሁ፤ መስማት ላይ ግን ትቸኩላላችሁ። ቢሆንም ጥያቄው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

ድሮ ኦሞ በረሃ አዳኞችን እመራ ነበር። እንግዳው ጎሽ ካቆሰለ የሚጨርሰው መሪው ነው። የኔ ጠመንጃ 375 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነበር። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣ ነው፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው እርሳስ 19 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለምጀዋለሁ፣ ትከሻዬም ለምዶታል። አንድ ጊዜ ሁለት ጠመንጃ ይዞ የመጣ እንግዳ «ለጎሽ እኮ ይሄ ነው» ብሎ ከኔ የሚበልጠውን 458 ሰጠኝ። ልቤ ሸፈተ። ካምፑ አጠገብ ሦስት ጥይት ሞከርኩ። እርግጫው 30-06 የሚባለውን የተለመደ የአደን ጥይት ሦስት እጥፍ ያህላል። በሦስተኛው ትከሻዬ በለዘ። አራተኛውን ተውኩትና «ይበቃል» አልኩ።

በማግስቱ ጎሹ 40 እርምጃ ላይ ቆሞ አገኘነው። እንግዳው ተኮሰ፤ ጎሹ ዞረ። 458ቱን እንደያዝኩ ተራው የኔ ሆነ። ምላጩን ስስብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎሹ ጥሻ ውስጥ ገባ። ዱካው ላይ ጎንበስ ስል ደሙ ፈርስ ተቀላቅሎበታል። ሆዱን ነው የመታሁት። እስኪመሽ ተከተልነው፤ አጣነው። በነጋታው ከሰዓት ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ አይተን ደረስን። ወንዙ ዳር ወድቋል። አፍንጫው ውሃው ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ለእንግዳው «ጥይቱ ቅርንጫፍ ነክቶ ይሆናል» አልኩት። ዋሸሁት።

ደንቢያ የነበሩት አያቴ ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ነበራቸው። ልጅ ሆኜ ሰደፉን ቅቤ እቀባላቸው ነበር። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። የውጅግራ አፈሙዝ 11 ሚሊሜትር ነው፤ እርሳሱ 25 ግራም። ያን ያህል የከበደው የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ እርሳሱን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚገፋው ነው። ፍጥነት ሲጎድል በክብደት ይካሳል። ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላ ትንሽ እርሳስም በፍጥነት ጠልቆ መግባት ቻለ። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ካራሞጆ ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውንም በ7 ሚሊሜትር ሞዘር። የዝሆኑ አንጎል የት እንዳለ አጥንቶ ያውቅ ነበር።

ትልቅ ጥይት ከንቱ ነው አልልም። የቆሰለ ጎሽ ከጥሻ ወጥቶ 10 እርምጃ ላይ ሲመጣብኝ፣ እኔም በእጄ 458 ቢኖር እመርጣለሁ። ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ግን እውነት ነው። 700 ናይትሮ ኤክስፕረስ የሚባለውን ግዙፍ ጥይት ግን ለማን እንደምመክረው አላውቅም። እርሳሱ 65 ግራም፣ ጠመንጃው 8 ኪሎ ገደማ። በኦሞ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የሚሄድ ማን ነው?

ስለ ፈቃድና ሕግ አልደግምላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ሞክሩ። ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ ጠመንጃውን ያጉርስ። አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ። በባዶው ምላጩን ስትስቡ አፈሙዙ ወደ ታች ከሰመጠ፣ እርግጫውን ፈርታችኋል፤ ያ ጥይት ለእናንተ ገና ነው። ያን ዕለት ካምፑ አጠገብ ባዶ ቀለህ ያጎረሰልኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።