አደጋውን አያስታውስም፤ ታዲያ ምን ያስፈራዋል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የተሳቢ ሹፌር ነበር። የዛሬ 14 ወር መተሐራ አካባቢ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተጎዳ፤ 12 ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ዛሬ ይራመዳል፣ ይናገራል። አደጋውን ግን ጨርሶ አያስታውስም። ሆኖም ናፍጣ ሲሸተው ላብ ያጠምቀዋል፣ የመኪና ፍሬን ሲጮህ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ሌሊት አይተኛም። ወንድሙ የተጨፈለቀውን ጋቢና ፎቶ በስልኩ እያሳየ «ያላየኸው ነገር ምን ያስፈራሃል?» ይለዋል። እኔም አንዳንዴ የሚያስመስል ይመስለኛል። እናቱ ጠበል ይሂድ ይላሉ። እሱ ደግሞ «ተርፌ ምን ፈየድኩ» ማለት ጀምሯል። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ እያስመሰለ አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት ቤታችሁን ከአደጋው እኩል የጎዳው ይህ ጥርጣሬ ስለመሰለኝ ነው።

የወንድሙን ጥያቄ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ጠይቀውታል። ራሱን የሳተ ሰው የሆነውን ስለማያስታውስ ድኅረ አደጋ ጭንቀት (ከአስፈሪ አደጋ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም) አይዘውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን 96 ሰዎች ከ6 ወር በኋላ መርምሮ ሕመሙን ከ100 በ27ቱ ላይ አገኘው። ከታመሙት መካከል አደጋው በዓይናቸው ላይ እየመጣ የሚያስጨንቃቸው ከ5 አንድ ያህል ነበሩ፤ አስታዋሽ ነገር ሲገጥማቸው የሚረበሹት ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1911 የጄኔቫው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋር ክላፓሬድ ስለ አንዲት የማስታወስ ችሎታዋን ስላጣች ሴት ጽፏል። ሲጨብጣት በጣቶቹ መካከል በደበቀው መርፌ ወጋት። (ዛሬ ማንም ሐኪም ይህን ሊያደርግ አይገባም።) በኋላ እጁን ሲዘረጋላት እጇን ሰበሰበች፤ መወጋቷን ግን አታስታውስም። አእምሮ ታሪኩን ባይዝም ፍርሃቱን ሊይዝ ይችላል። ባለቤትሽም ናፍጣውን የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ከፊቱ አንሡ። የጎደለውን በምናቡ እንዲሞላ ይገፋፋዋል፣ በፍርሃት ላይም ፍርሃት ይጨምርበታል። «ይለመደው» ብላችሁም ወደ መናኸሪያ ወይም ወደ አደጋው ቦታ አትውሰዱት። የሚፈራውን ቀስ በቀስ መልመድ በእርግጥ ሕክምና ነው፤ ግን ከአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር፣ በአጭር በአጭሩ፣ የተነጋገሩትንም በደብተር እየጻፉ ነው። ሲረበሽ ከኋላ አትንኪው። ፊት ለፊት ሆነሽ ስሙን ጥሪና «ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ» በይው።

ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ ከአንጎል ጉዳቱም ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ የነርቭ ሐኪም ይየው። ለአፍታ ፈዞ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ንገሪያቸው። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ አረቄ አይሰጠው፤ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስበት ይችላል። እናቱን በጠበሉ አትጋፊያቸው፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ ለምኚያቸው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ «ተርፌ ምን ፈየድኩ» የሚለው ነው። ድኅረ አደጋ ጭንቀት የያዘው ሰው እየተራመደም የሕይወት ጣዕም ይጠፋበታል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አጠገቡ ተቀመጪና «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፤ ሳይነጋም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ።