«እናንተ ታውቃላችሁ» ብላችሁ አትፈርሙ

አሜሪካ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው የምጽፈው። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጃችሁ ትምህርት በሚጠራችሁ ስብሰባ ላይ አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይጠብቃችኋል፤ መምህሯ፣ ሳይኮሎጂስቱ፣ የንግግር ቴራፒስቷ። ከዚያ «ለብቻው፣ ትንሽ ክፍል ቢማር ይሻለዋል» ይሏችኋል። የእኛ ሰው አስተማሪ ያከብራል። «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ፈርሞ ይወጣል።

እባካችሁ ተረጋጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ከእናንተ ጋር ነው። ልጁ በተቻለ መጠን ከእኩዮቹ ጋር መማር አለበት። ለይቶ ማስተማር የሚፈቀደው፣ ድጋፍ እየተሰጠውም መደበኛው ክፍል ካልሆነለት ብቻ ነው። ስለዚህ «እስካሁን እዚያው ክፍል ውስጥ ምን ሞከራችሁለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ረዳት ነበረው? ጫጫታ ሲበዛበት ወጣ ብሎ የሚረጋጋበት ቦታ ነበረው? የቀኑ ፕሮግራም በሥዕል ተሠርቶለት ነበር? መልሱ ድፍንፍን ካለ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ በደንብ አንብቡት።

አይኢፒ (IEP) የሚባለው፣ ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ሰነድ ላይ ልጁ ከመደበኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚለይና ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ አለ። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ለንግግር ሕክምና ግማሽ ሰዓት መውጣትና ቀኑን ሙሉ ተለይቶ መዋል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ትንሹ ክፍል በእርግጥ የሚሻለው ልጅም አለ፤ እሱን አልክድም። ግን እዚያም ቢሆን ምሳውን፣ ስፖርቱን፣ ሙዚቃውን ከሌሎች ጋር እንዲሆን ጠይቁ። ጓደኛ የሚገኘው እዚያ ነው።

አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው። ታላቅ እህቱን አታስተርጉሙ፤ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። ልጁ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ እንዲመዘን ጠይቁ። እንግሊዝኛ አለመቻል የመማር ችግር አይደለም።

«አፉን ሲፈታ ይስተካከላል» እያላችሁም አትጠብቁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን በየስቴቱ የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት አለ፤ ምርመራውም በነጻ ነው። ቶሎ የታገዘ ልጅ መደበኛ ክፍል የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ያለ ፈቃዳችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አገልግሎቱ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ ስቴት አለመፈረም ብቻውን ለውጡን አያስቆምም። ተቃውሟችሁን በኢሜይል ጻፉ፣ ቀኑ ይያዝ። ስብሰባም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አትጠብቁ፤ በፈለጋችሁ ጊዜ መጠየቅ ትችላላችሁ።